ቡራዩ ከመዝገቡ ጠርዝ ላይ

በአምቦ መንገድ ከአስኮ ወደ አሸዋ ሜዳ የሚጓዝ ሰው አዲስ አበባ የት አልቃ ቡራዩ የት እንደምትጀምር በዓይኑ ለይቶ ሊናገር አይችልም። ሱቅ ከሱቅ፣ አጥር ከአጥር ተያይዟል። ጠዋት ወደ መርካቶና ወደ ፒያሳ ለሥራ የሚወርደው ሕዝብ ማታ ተመልሶ የሚያድረው ቡራዩ ነው። ውሃው ሳይቀር ለብዙ ዘመን የጋራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1944 የተሠራው የገፈርሳ ግድብ የሚገኘው በዚሁ በኩል ሲሆን አዲስ አበባ ከእሱ ስትጠጣ ኖራለች። ወሰኑን አጥርቶ የሚያውቅ ግን አንድ መዝገብ አለ። በመስከረም 2004 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ የሚቆጥረው የከተማዋን ነዋሪዎች ብቻ ነው። ከቡራዩ፣ ከሰበታ ወይም ከሱሉልታ መጥታ በዚያው ሆስፒታል የማህፀን በር ካንሰር እንዳለባት የተነገራት ሴት ካርድ ታወጣለች፣ ወረፋ ትይዛለች፣ ትታከማለች፤ የከተማዋ የበሽታ መጠን ሲሰላ ግን የለችበትም። ይህ የመዝጋቢዎቹ ጥፋት አይደለም። በሕዝብ ላይ የተመሠረተ ምዝገባ የታማሚውን ቁጥር ለታወቀ የነዋሪ ቁጥር ማካፈል ስላለበት የሆነ ቦታ ላይ መስመር ማስመር ግድ ይለዋል። የእኔ ክርክር መስመሩ ከተሰመረ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ነው። የማህፀን በር ካንሰር ከብዙዎቹ ካንሰሮች በላይ በቆጠራ የታወቀ በሽታ ነው፤ መንስኤው በቆጠራ ተጠረጠረ፣ በቆጠራ ተረጋገጠ፣ መከላከያው ፍሬ ማፍራቱም የታየው በቆጠራ ነው። መዝገቡ ምን ጠየቀ፣ ማንን ጠየቀ፣ ማንን ሳይጠይቅ አለፈ የሚለው ነገር ስለ በሽታው የምናውቀውን ወስኖታል፤ ዛሬም ቡራዩ ላይ እየወሰነ ነው።

የነገሩ መነሻ ጣሊያን ውስጥ ቬሮና ከተማ ናት። ዶሜኒኮ ሪጎኒ ስተርን የተባለ ሐኪም በከተማዋ ከ1760 እስከ 1839 እ.ኤ.አ. የሞቱ ሰዎችን መዝገብ አገላብጦ በ1842 ውጤቱን ይፋ አደረገ። ጸሐፊዎቹ ለእያንዳንዷ ሟች ዕድሜዋንና የሞቷን ምክንያት ብቻ ሳይሆን ያገባች፣ ያላገባች፣ ባሏ የሞተባት ወይም ገዳማዊት መሆኗንም ጽፈው ስለነበር የሚያነጻጽረው ነገር አላጣም። በማህፀን ካንሰር መሞት ባገቡትና ባሎቻቸው በሞቱባቸው ሴቶች ላይ በርትቶ አገኘው፤ በገዳማውያቱ ዘንድ ይህ ካንሰር ጥቂት ሲሆን የጡት ካንሰር ግን በርክቶ ተገኘ። ይህን ታሪክ የሚያወሱ ብዙዎች ማሳመሪያ ይጨምሩበታል። በዚያ ዘመን የማህፀን በር ካንሰርና የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ተለይተው ስላልተመዘገቡ ሰውየው ምስጢሩን ፈታው ማለት ማጋነን ነው። ሆኖም አንድ ነገር አሳይቷል፦ ይህ ሕመም ከትዳር፣ ማለትም ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ጋር የሚሄድ ነገር አለው። ያንን ያሳየው አንዲት በሽተኛ ሳይመረምር፣ ከወረቀት ላይ ብቻ ነው።

የዚያው ወረቀት ጉድለት ግን ከመቶ ዓመት በላይ መዘዝ አስከተለ። መዝገቡ ስለ ሴቲቱ ጠይቆ ስለ ባሏ አልጠየቀም። ያገባች ነበረች ወይ ይላል እንጂ ያገባት ሰው ከእሷ በፊትም ሆነ ከእሷ ጋር እያለ የት የት እንደዋለ የሚጻፍበት ዓምድ የለውም። ከእሱ በኋላ የመጡት አጥኚዎችም በዚያው ፈለግ ሄዱ፤ ስንት ወንድ ታውቃለች፣ በስንት ዓመቷ ጀመረች፣ ስንት ወለደች እያሉ ሴቲቱን ብቻ ጠየቁ። ሐኪም ቤቱ የጠየቀውን ደግሞ ሰፈሩ ወደ ሐሜት ለወጠው። እዚህም እኛ ዘንድ ይህ ሕመም «የሴትዮዋ ሥራ ነው» የሚል ስውር ፍርድ ተለጥፎበት ኖሯል፤ ደም እየፈሰሳት ለወራት ዝም የምትል ሴት ዝም የምትለው በዚህም ምክንያት ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ወደ ባሎች ሲያዞሩ በዕድሜዋ ሙሉ ከአንድ ወንድ በቀር የማታውቅ ሚስት በባሏ ታሪክ ምክንያት ለበሽታው ልትጋለጥ እንደምትችል ተገለጠ። ጥያቄው ሲቀየር መልሱም ተቀየረ፤ በመዝገብ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር ወይም መጉደል ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ከግንኙነት ጋር የሚተላለፈው ነገር ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ መጀመሪያ የተሰጠው መልስ የተሳሳተ ነበር። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣት የተቀሰረው በብልት ላይ ቁስል በሚያወጣው የሄርፒስ ቫይረስ ላይ ነው፤ ታማሚዎቹ ሴቶች ደም ውስጥ የዚህ ቫይረስ ምልክት በብዛት ይገኝ ነበርና። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሃውዘን ግን በዕጢዎቹ ውስጥ የሄርፒስን ዘረ መል ፈልጎ አጣው። ፊቱን ኪንታሮት ወደሚያወጡት የፓፒሎማ ቫይረሶች ሲያዞር ብዙ ሰሚ አላገኘም፤ ተራ ኪንታሮት የሚያወጣ ቫይረስ ሰው ይገድላል ብሎ ማን ያምናል! በ1983 ከባልደረቦቹ ጋር ዛሬ ቁጥር 16 የሚባለውን ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ከማህፀን በር ዕጢ ውስጥ አገኘ፤ በ1984 ደግሞ ቁጥር 18 ተከተለ። እነዚህ ሁለቱ ብቻ በዓለም ላይ ከሚታዩት የማህፀን በር ካንሰሮች 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ። በ1951 በአሜሪካ ባልቲሞር በዚሁ በሽታ የሞተችው ሄንሪዬታ ላክስ ሴሎች፣ ሳትጠየቅ ከገላዋ ተወስደው በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ ሲራቡ የኖሩት፣ በኋላ ሲመረመሩ ቁጥር 18 ቫይረስ ተገኘባቸው። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 ሁለቱን ቫይረሶች ካንሰር አምጪ ብሎ መደበ፤ በ1999 ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ናሙናዎች እንደገና ሲመረመሩ 99.7 በመቶዎቹ ቫይረሱን ይዘው ተገኙ። በካንሰር ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ብርቅ ነው። ሲጋራና የሳንባ ካንሰር እንኳ እንዲህ አልተቆራኙም፤ ሳያጨስም የሚታመም ሰው አለ። ሱር ሃውዘን በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ቫይረሱ ሲገኝ የሐሜቱ መሠረትም ተናደ። ይህ ኢንፌክሽን የጥቂቶች ነውር አይደለም፤ ግንኙነት የጀመረ ሰው ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ሊያገኘው የሚችል ተራ ነገር ነው። ከ10 ሴቶች በ9ኙ ላይ ሰውነት ራሱ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ያጠፋዋል። አደጋው ያለው ሳይጠፋ በሚቀረው ላይ ነው። ቫይረሱ ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉ ፕሮቲኖችን እያመረተ ሴሎች ከልክ በላይ እንዳይራቡ የሚያግዱትን ጠባቂዎች ያሰናክላል። ሥራውን አይቸኩልም፤ በጤነኛ ሴት ላይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል፣ ኤችአይቪ ባዳከመው ሰውነት ውስጥ ከ5 እስከ 10 ዓመት። ይህ ርዝመት ሁለት ገጽ አለው። ለመከላከል ሰፊ ጊዜ ይሰጣል፤ ማስታወስን ግን ይገድላል። በ17 ዓመቷ ወለጋ ላይ የተያዘ ቫይረስ በ38 ዓመቷ ቡራዩ ላይ ካንሰር ሆኖ ሲወጣ ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኝ የሰው ዓይን የለም። የሚያገናኛቸው የተጻፈ ነገር ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ የተጻፈው ነገር ዘግይቶ የጀመረ ነው። የሕክምና ፋኩልቲው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1964፣ የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የተመሠረተውም በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ከቡራዩ ሲመጡ ጉለሌ ላይ የሚገኘው ፓስተር፣ ስሙን ለሰፈሩ ያወረሰው ተቋም፣ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ክትባትና ላቦራቶሪ ሲያካሂድ ቢቆይም ያኔ ጭንቀቱ ፈንጣጣ፣ የእብድ ውሻ በሽታና ተስቦ እንጂ ካንሰር አልነበረም። ስለ ካንሰር ለረጅም ጊዜ የነበረን እውቀት ከፓቶሎጂ ክፍሎች ደብተር የተለቀመ ነው፤ ሐኪም ሥጋ ቆርጦ ይልካል፣ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ አይቶ ይጽፋል፣ ከዓመታት በኋላ አንዱ ተመራማሪ ደብተሩን ከፍቶ ይቆጥራል። ከዚያም የማህፀን በር ካንሰር በሴቶች ካንሰሮች መካከል ከፊት ተሰልፎ ይገኛል። ቫይረሱን ራሱን የመፈለጉ ሥራ በአዲሱ ሚሊኒየም ገፋ። በጂማ ሆስፒታል ለአራት ዓመት የተሰበሰቡ ናሙናዎችን የመረመረ ጥናት በ2010፣ የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ባለሙያዎች የተሳተፉበት በኢትዮጵያና በሱዳን ሴቶች ናሙና ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ በ2013 ታተመ፤ በጂማም ከሁሉ ልቆ የተገኘው ያው ቁጥር 16 ነው። ጥሩ ሥራዎች ናቸው። ሁሉም ግን ሆስፒታል በር የደረሰችውን እንጂ ያልደረሰችውን አያውቁም።

ያልደረሰችው ሴት ጉዳይ ከጋብቻ ልማድ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ ወደ 18 ከፍ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው። ልማዱ ደግሞ ከሕጉም በታች ይወርድ ነበር። በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ትሠራ የነበረችው የማህፀን ሐኪም ኤልሳቤጥ ደንከን ከባልደረቦቿ ጋር በ1990 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባሳተመችው ጽሑፍ የመጀመሪያውን የወር አበባ እንኳ ሳያዩ ግንኙነት የጀመሩ ኢትዮጵያውያት ለአባላዘር በሽታዎች ይበልጥ መጋለጣቸውን አሳየች። የልጅ ማህፀን በር ሽፋኑ ገና ያልጠና በመሆኑ ለዚህ ቫይረስም ምቹ ነው። የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ዘንድ የጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ በአገር አቀፍ ደረጃ 17.1 ዓመት፣ በአዲስ አበባ ግን 23.9 ዓመት መሆኑን መዘገበ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 7 ዓመት ይጠጋል። የቡራዩ ቦታ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 49 ሺህ ገደማ ሰው የነበራት ይህች ከተማ ከዚያ ወዲህ ያበጠችው በአብዛኛው ከየገጠሩ በመጣ ሰውና የአዲስ አበባ ኪራይ ገፍቶ ባወጣው ቤተሰብ ነው። ነዋሪዎቿ ማለዳ የሚሠሩት በአዲስ አበባ ነው፤ ብዙዎቹ ሴቶች ግን ያገቡት በሌላ ልማድ ውስጥ፣ በሌላ ዕድሜ ነው። በከተማ ሚዛን ከተለኩ አደጋቸው ያንሳል፣ በገጠር ሚዛን ከተለኩ ለሕክምና ያላቸው ቅርበት ይጋነናል።

ለእነዚህ ሴቶች የሚሆነው ምርመራ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። በሀብታሞቹ አገሮች ከ1940ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው በግሪካዊው ጆርጅ ፓፓኒኮላው የተሰየመው የሴል ምርመራ ማይክሮስኮፕ፣ የሠለጠነ አንባቢና ተመልሳ የምትመጣ ሴት ይፈልጋል፤ ሦስቱን ባንድ ላይ ማግኘት ለእኛ ከባድ ነው። የእኛ ጤና ጣቢያዎች የያዙት መንገድ ሌላ ነው። ነርሷ ስፔኩለም አስገብታ የማህፀን በሩን በመብራት ታያለች፤ ከ3 እስከ 5 በመቶ በሆነ አሴቲክ አሲድ፣ ከወጥ ቤት ኮምጣጤ ብዙም በማይርቅ ፈሳሽ፣ የራሰ ጥጥ ታስነካዋለች፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች። ጤነኛው ክፍል ሮዝ እንደሆነ ይቀራል። ቫይረሱ ሊለውጠው የጀመረው ክፍል ዳር ድንበሩ የለየ፣ ደብዘዝ ያለ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ነጩ ከታየ በዚያው ቀን፣ በዚያው አልጋ ላይ ጋዝ በሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ሦስት ደቂቃ ይበርዳል፣ አምስት ደቂቃ ይለቀቃል፣ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ይበርዳል፤ በቅርብ ጊዜ ደግሞ የጋዝ ሲሊንደር ማመላለስ የማይጠይቀው በሙቀት የሚያቃጥለው መሣሪያ እየተተካው ነው። ሴቲቱ በእግሯ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ይህ አሠራር በኢትዮጵያ ሥር የያዘው ፓዝፋይንደር ኢንተርናሽናል ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር ባካሄደው «አዲስ ተስፋ» በተባለው ፕሮጀክት ነው። ከ2010 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች ታዩ፤ ከ10 አንዷ ገደማ ነጭ ምልክት ተገኘባት። በ2015 የወጣው ብሔራዊ መመሪያ ምርመራውን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ሁሉ አደረገው። በዚያው ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ ጥናት ግን በዚህ ዕድሜ ካሉት ሴቶች መካከል ተመርምረን እናውቃለን ያሉት 2.9 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ያልተመረመረችው የምትሄድበት ቦታ ደግሞ ለረጅም ጊዜ አንድ ብቻ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጥቁር አንበሳ ላይ ሥራ የጀመረው የኮባልት ጨረር መሣሪያ ከሃያ ዓመት በላይ ለመላ አገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ቆየ። ወረፋው ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጅ ነበር፤ ሊድን በሚችል ደረጃ ላይ ተመዝግባ ተራዋ ሲደርስ ሊድን በማይችል ደረጃ ላይ የምትገኝ ሴት የተለመደች ነበረች። ቡራዩ ከሌሎቹ አንጻር ዕድለኛ ትመስላለች፣ ሆስፒታሉ በታክሲ ይደረሳል። የኪሎ ሜትር ቅርበት ግን የወረፋ ቅርበት አይደለም፤ ከኦሮሚያ ጤና ጣቢያ ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል የሚጻፈው ሪፈር ሁለት የጤና ቢሮዎችን መሻገር አለበት። ይህን የምታውቅ ሴት ጉለሌ ወይም ኮልፌ ባለች እህቷ አድራሻ ካርድ ብታወጣ ማን ይፈርድባታል? የትኛውም የከተማ የካንሰር መዝገብ የሚፈራው ችግር ይህ ነው። በትክክል የተናገረችው ከስሌቱ ትወጣለች፤ የእህቷን አድራሻ የሰጠችው ደግሞ የአዲስ አበባን ቁጥር ታሳብጣለች። በሁለቱም መንገድ ቡራዩ አትታይም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ እዚህ ላይ መነሳቱ አይቀርም። ቫይረሱ በቬሮናም፣ በጂማም፣ በቡራዩም አንድ ነው፤ መንስኤው ከታወቀ የእያንዳንዱን ሰፈር ታማሚ ለምን እንቆጥራለን? ክትባቱ ይሰጥ፣ ምርመራው ይስፋፋ፣ ይበቃል። ስለ መንስኤው ከሆነ ይህ ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው፤ ቡራዩን ስለቆጠርን ስለ ቫይረሱ አዲስ ነገር አናገኝም። ስለ ሥራው ከሆነ ግን ልክ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ግምት በ2020 ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ ካንሰር እንደተያዙ፣ ከ5 ሺህ በላይ እንደሞቱ ሲያስቀምጥ የተደገፈው በአብዛኛው በአዲስ አበባው መዝገብ ላይ ነው። የአንድ ከተማ መጠን ለመቶ ሚሊዮን ሕዝብ ወኪል ሆነ ማለት ነው፤ ያቺ ከተማ ደግሞ ሴቶቿ ከቀሪው አገር 7 ዓመት ያህል ዘግይተው የሚያገቡባት ናት። የጨረር መሣሪያ የት ይተከል፣ ስንት ነርስ ይሠልጥን፣ ስንት መሣሪያ ለየትኛው ጤና ጣቢያ ይድረስ የሚለው ውሳኔ የሚነሳው ከዚህ ቁጥር ነው። መካፈያው ቁጥርም ጤነኛ አይደለም። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የሕዝብ ቆጠራ ባለመካሄዱ እንደ ቡራዩ ባለች በፍጥነት ያደገች ከተማ ዕቅድ የሚወጣው በትንበያ ነው። ትንበያው ከእውነተኛው ሰው ቁጥር ካነሰ የክትባት ሽፋን በወረቀት ላይ መቶ ሊሞላ፣ ከመቶም ሊያልፍ ይችላል፤ በየቤቱ ያልተከተበች ልጅ እያለች።

በክትባቱ ታሪክም ያው ነገር ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2006 ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው ይህ ክትባት በኢትዮጵያ በጂማ ዞን ጎማ ወረዳና በትግራይ አሕፈሮም ወረዳ ከ2015 ጀምሮ ተሞከረ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር የተመረጡት 14 ዓመት የሞላቸው ልጆች ብቻ ነበሩ፤ ምክንያቱም በዓለም ላይ ክትባቱ እጥረት ስለነበረበት ነው። ቦታው ትምህርት ቤት ነበር። ይህ ምርጫ ብልህነት ነው፤ 14 ዓመት የሞላቸውን ልጆች ተሰልፈው የሚያገኙበት ሌላ ቦታ የለም። ግን የትምህርት ቤቱ ስም መጥሪያም መዝገብ ነው፤ የራሱ ጠርዝ አለው። በቡራዩና በሰበታ በሰው ቤት የምትሠራ፣ እንጨት የምትሸከም፣ ከገጠር መጥታ ገና ትምህርት ያልጀመረች ልጅ ስሟ አይጠራም። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጊዜ መከተብ በቂ እንደሆነ ከተቀበለ በኋላ ኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች በዘመቻ መስጠት ጀመረች። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ከትምህርት ገበታ ውጪ ያለችውን ፈልጎ ማግኘት ግን አሁንም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እግር ላይ ወድቋል።

ክትባቱ ልጆችን መካን ያደርጋል የሚለውን ወሬ በንቀት ማለፍ አይገባም። ልጆቿን የምታስብ እናት የምትጠይቀው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በሴት ልጅ ብቻ ላይ የሚሰጥ፣ ከማህፀን ጋር የተያያዘ መርፌ ጥርጣሬ ቢያስነሳ አያስደንቅም። መልሱ ግን ይገኛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ደህንነት ኮሚቴ በ2017 ከ270 ሚሊዮን በላይ መርፌዎች ከተሰራጩ በኋላ ባደረገው ግምገማ ከመካንነት ጋር የሚያያይዘው ማስረጃ አላገኘም። የወሬው ዋጋም ተለክቷል። ጃፓን በ2013 በሕዝብ ስጋት ምክንያት ክትባቱን ማበረታታት ስታቆም ከ70 በመቶ ገደማ የነበረው ሽፋን ከአንድ በመቶ በታች ወረደ፤ እንደገና ማበረታታት የጀመረችው በ2022 ነው። ስዊድን በአንጻሩ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሴቶችን የክትባት መዝገብ ከካንሰር መዝገብ ጋር አመሳክራ ከ17 ዓመታቸው በፊት የተከተቡት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 88 በመቶ መቀነሱን በ2020 አሳየች። በስኮትላንድ በ12 እና በ13 ዓመታቸው ከተከተቡት መካከል አንድም ታማሚ እንዳልተገኘ በ2024 ታተመ። ለወሬ የሚሆን ከዚህ የተሻለ መልስ የለም፤ መልሱ የተገኘውም ሁለት ደብተሮች አንዲትን ሴት በአንድ መለያ ስለሚያውቋት ነው።

የሚቀረው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ለመዝጋቢ የሚወጣው ብር ለአንዲት ሴት ሕክምና ቢውል አይሻልም ወይ? በአንዲት ሴት ፊት ቆሞ ይህን መመለስ ይከብዳል። ነገር ግን ምርጫው እንዲህ አይደለም። መዝጋቢዎቹ አሁንም ጥቁር አንበሳና ሌሎች ሆስፒታሎች ላይ የታማሚውን ካርድ ይከፍታሉ፣ አድራሻውንም ያነባሉ፤ ቡራዩ የሚለውን ሲያዩ ወደ ከተማው ስሌት አያስገቡትም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከለገጣፎና ከገላን ጋር ሸገር በሚል ስም የአንድ ከተማ አስተዳደር አካል ሆነዋል። እንዲህ ያለ አስተዳደር የራሱ ነዋሪዎች በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች በምን በሽታ እንደሚመዘገቡ ዓመታዊ ዝርዝር ቢጠይቅ የሚያስፈልገው ደብዳቤና ስምምነት ነው። መካፈያው እስኪስተካከል ድረስ እንኳ ላይኛው ቁጥር ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ ከየትኛው ቀበሌ፣ በስንት ዓመቷ፣ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደመጣች ያሳያልና። በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ የሚመጡት የበዙበት ቀበሌ የኮምጣጤው ምርመራ ያልደረሰበት ቀበሌ ነው። ይህን ለማወቅ አዲስ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ሪጎኒ ስተርንም አልነበረውም።

ጊዜውም ገደብ አለው። በ2011 ዓ.ም. በ14 ዓመቷ ቡራዩ ላይ የተከተበች ልጅ ለምርመራ የተመደበው 30 ዓመት የሚሞላት በ2027 ዓ.ም. ነው። ከእሷ ጋር እኩል ሆና ያልተከተበችው ልጅም እንዲሁ። የሁለቱ ዕጣ ይለያይ እንደሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ ማየት የሚቻለው የክትባት ካርዷ ከሚቀመጥበት ጤና ጣቢያ እስከ ካንሰር መዝገቡ ድረስ ስሟ፣ የተወለደችበት ዓመትና የምትኖርበት ቀበሌ አብረው ከተጓዙ ነው። ካርዱ አሁን ያለው በየእናቱ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የጤና ጣቢያው የ2011 የክትባት ደብተርም በየትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ዛሬውኑ ተፈልጎ ወደ ኮምፒውተር ካልገባ በ2027 የሚመሳከር ነገር አይኖርም።